ሽቦ ሁሉ ሺልድ ይልበስ መባሉ ትክክል አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመሀል ከተማችን በአንድ የግል ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን እየሠሩ ስላሉ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። በ1928 ዓ.ም. በዚሁ አገር ተሠርታ የበረረችው አውሮፕላን «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ያለው ወሬ የብዙ ሰው ጆሮ ማግኘቱ አያስገርምም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በጽሑፉ መካከል ስለገባች አንዲት ሐሳብ ነው። የአውሮፕላኗ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሺልድ የለበሰ መሆኑ ተገልጾ፣ ይኸው የደኅንነቷ ማረጋገጫ ተደርጎ ቀርቧል። ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ሬዲዮና የበረራ መሣሪያ ጥገና ላይ የሠራሁ፣ አሁን በጡረታ አራት ኪሎ የምኖር ቴክኒሻን ነኝ። ይህ አባባል ሳይታረም ከቀረ ሌሎች ወጣቶችም በብዙ ድካም ያገኙትን ገንዘብ በማይገባው ቦታ ያውሉታል፤ ከገንዘቡም በላይ መጠየቅ የሚገባቸውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ይቀራሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ሙያው ሌላ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሺልድ ማለት በላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ ወይም ጥንድ ሽቦ ዙሪያ የተጎነጎነ የቀጭን መዳብ መረብ ሲሆን፣ በላዩ ሌላ ልባስ ይደረብበታል። ሥራው የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ውስጠኛው ሽቦ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ውስጠኛው ሽቦ ራሱ ረባሽ ከሆነም ረብሻውን ወደ ጎረቤቶቹ እንዳይረጭ ይይዘዋል። ረባሽም ተረባሽም በሌለበት መስመር ላይ የተዘረጋ ሺልድ ትርፉ ክብደት ነው። በእኔ እምነት ሽቦ የሚመረጠው መስመር በመስመር ነው። መጀመሪያ ልባሱ ከምን እንደተሠራ ይታያል፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ ማለትም ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ በየት በኩል እንደሚሄድና የት እንደሚታሰር ይወሰናል፣ የሺልድ ጥያቄ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው። በጽሑፋችሁ ላይ ግን የተነገረን ሦስተኛው ብቻ ነው።

ከልባሱ ልጀምር። በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ሺልድ ያለው ገመድ በሜትር ይሸጣል፤ አብዛኛው ለድምፅ ማጉያና ለማይክሮፎን ተብሎ የተሠራና ልባሱ ፒቪሲ የሆነ ነው። ተራ የቤት ፒቪሲ ሽቦ እንዲችል ተደርጎ የሚሠራው ሙቀት 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በሞተር ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሙቀት የዘወትር ነገር ነው። ከሙቀቱም የከፋው ጭሱ ነው፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚያወጣው ጥቁር ጭስ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ፣ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ አለበት፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ጭስ እየተነፈሱ አውሮፕላን ማሳረፍ የሚቻል አይመስለኝም። በአውሮፕላን ሥራ የተለመደው ሽቦ መዳቡ በቲን የተለበጠ፣ ልባሱ ቴፍዜል የሚባለው ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ፣ መለያ ቁጥሩም 22759/16 የሆነው ነው። ይህ ሽቦ 150 ዲግሪ ሴልሺየስና 600 ቮልት ይችላል፤ እሳት ቢነካውም ነበልባሉን ይዞ እንዳይሄድ ሆኖ የተሠራ ነው። ቴፍዜልም ቢሆን በኃይለኛ ሙቀት ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ልዩነቱ በቀላሉ ተያይዞ እሳቱን ከመሣሪያ ሰሌዳው እስከ ጅራቱ አለማድረሱ ነው። ሺልድ የለበሰው የአውሮፕላን ኬብል ደግሞ 27500 በሚል መለያ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቭ ሲበር ካናዳ ባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀው የስዊስኤር 111 በረራ 229 ሰው የጨረሰው ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣሪያ አካባቢ በተነሣ እሳት ነበር። የካናዳ መርማሪዎች ከዓመታት ምርመራ በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ከሽቦ የተነሣ ብልጭታ በቀላሉ የሚቀጣጠለውን የሙቀት መከላከያ ልባስ ሳያያይዘው እንዳልቀረ የሚያመለክት ነው። ያ ግዙፍ አውሮፕላን ከወጣቶቹ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋር በመጠን የሚነጻጸር አይደለም፤ በሽቦና በልባስ በኩል ያለው አደጋ ግን መጠን አይመርጥም። እንግዲህ ልባሱ ፒቪሲ የሆነ ባለ ሺልድ ገመድና ሺልድ የሌለው ቴፍዜል ለምርጫ ቢቀርቡልኝ ሳላመነታ ሁለተኛውን አነሣለሁ። ከምን አለሽ ተራ ስለሚገኘው፣ ከየት አውሮፕላንና ከየት መኪና እንደተነቀለ ስለማይታወቀው ሽቦ ማውራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ረብሻው እንምጣ። ረብሻ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሺልድ የሚዘጋው ግን የተወሰኑትን ነው። በአየር ላይ የሚጨረረውን የሬዲዮ ሞገድና ከጎረቤት ሽቦ በኤሌክትሪክ መስክ የሚሻገረውን ረብሻ ሺልድ በደንብ ይከላከላል። ከፍተኛ ጅረት በሚሸከም ሽቦ ዙሪያ የሚፈጠረውን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው የማግኔት መስክ ግን የመዳብ መረብ አያቆመውም፤ ለእሱ የሚበጀው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሽቦ አንድ ላይ መጠምዘዝ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው ሲሄዱ የአንዱ መስክ የሌላውን ያጠፋዋል። መጠምዘዝ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ክብደት የሚጨምረውም እምብዛም ነው። ሦስተኛው መንገድ የጋራ መመለሻ ነው፤ ብዙ ሰው ሺልድ እየገዛ የሚቸገረው በዚህ ነው።

ሞተሩ ሲፋጠን አብሮ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት በሄድሴት (ጆሮ ላይ በሚደረገው ማዳመጫ) ውስጥ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ ዲናሞው ነው። ፉጨቱ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው በአየር አይደለም። የመብራቱ፣ የነዳጅ ፓምፑና የኢንተርኮሙ (ሁለቱ ተቀማጮች በሄድሴት የሚነጋገሩበት መሣሪያ) መመለሻ በአንድ የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ በኩል ወደ ባትሪው ሲመለስ፣ በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውኃ የሚጋሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አንዱ ሲከፍት የሌላው እንደሚቀንስበት ሁሉ፣ የአንዱ ዕቃ ጅረት መዋዠቅ የሌላውን ቮልቴጅ ያዋዥቀዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 10 አምፔር 0.01 ኦም ሬዚስታንስ ባለው ማሰሪያ ሲያልፍ 0.1 ቮልት ይፈጥራል፤ ይህም ከማይክሮፎን በሚመጣው ደካማ ምልክት ላይ ሲደመር በጉልህ ይሰማል። በዚህ ቦታ አሥር ሜትር ሺልድ ቢጨመር ፉጨቱ አይቀነስም። መፍትሔው የሬዲዮውን፣ የኢንተርኮሙንና የሌሎቹን የበረራ መሣሪያዎች መመለሻ አንድ ቦታ ሰብስቦ በወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው መውሰድ፣ የማይክሮፎንና የሄድሴት ሶኬቶችንም በፕላስቲክ ቀለበት ከብረቱ ለይቶ ማሰር ነው። ይህን የፕላስቲክ ቀለበት ዋጋ ቢስ መስሏቸው የሚተዉ ሠራተኞች አጋጥመውኛል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ሬዲዮው ላይ ሲፈልጉ ይከርማሉ።

ሺልድ በእርግጥ የሚያስፈልግበትን ለመረዳት የአቪዬሽን ሬዲዮን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሬዲዮው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በኤኤም ስልት ይሠራል። ከዚህ ክልል ዝቅ ብለው የሚሰሙት ሸገር 102.1 እና ኤፍኤም አዲስ 97.1 በመብረቅ ጊዜ እንደ መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ የማይንጫጩት በኤፍኤም ስለሚሠሩ ነው፤ ኤኤም ግን እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንደ ድምፅ ይቀበለዋል። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ደግሞ በየደቂቃው በሺዎች የሚቆጠር ብልጭታ አለ። በዚህ ላይ በ120 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሜትር፣ ሩቡም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከመሣሪያ ሰሌዳው እስከ ሞተሩ፣ ከሰሌዳው እስከ መቀመጫው ኋላ ያለው ርቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሽቦ ማንም ሳያስበው አንቴና ሆኖ ይገኛል። አብራሪው የንግግር ቁልፉን ሲጫን የነዳጅ መለኪያው ዘሎ ቢመለስ ወይም ኦቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ) ቢንቀጠቀጥ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት ሺልድ የሚገባው ከማግኔቶው፣ ማለትም ለሞተሩ ብልጭታ ከሚያመነጨው ክፍል፣ እስከ ማጥፊያው የሚሄደው መስመር ነው፤ ሥራው ማግኔቶውን ከቦዲ ጋር በማገናኘት ብልጭታውን ማጥፋት ሲሆን፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ግን ያንኑ የብልጭታ ረብሻ ይዞ ወደ አብራሪው ክፍል ይገባል። የዚህ መስመር ሺልድ በሞተሩ በኩል ከማግኔቶው አካል ጋር ይታሰራል፤ በማጥፊያው በኩል ከማጥፊያው መመለሻ ጋር ብቻ ይገናኛል፣ በአቅራቢያው ካለ ብረት ጋር ግን አይታሰርም። የዚህ ሽቦ አቆራረጥ ጥንቃቄ ይሻል። ከመረቡ የተፈታ አንድ ቀጭን ክር ውስጠኛውን ሽቦ ቢነካ ማግኔቶው በአየር ላይ ይጠፋል። ውስጠኛው ሽቦ ከተበጠሰ ደግሞ ማጥፊያው ዘግቶት እንኳ ማግኔቶው ሕይወት እንዳለው ይቀራል፤ መሬት ላይ ፕሮፔለሩን በእጁ ያዞረ ሰው ሞተሩ ሊነሣበት ይችላል። ሺልድ ምንም ጉዳት የሌለው ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን አንድ መስመር ማሳየት ይበቃል። ሞተሩ ከመኪና የተወሰደ ከሆነ ከሺልዱ በፊት የሚታየው ካንዴላው ነው፤ በውስጡ 5 ኪሎ ኦም ያህል ሬዚስተር ያለው ካንዴላ የብልጭታውን ረብሻ ከምንጩ ያበርደዋል።

የአንቴና መስመር ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እዚያ የውጪው መረብ የመስመሩ ግማሽ አካል ስለሆነ የሚመረጥ ነገር አይደለም። ለአውሮፕላን ሬዲዮ የሚሆነው 50 ኦም የሆነው ኮአክሲያል (መሀሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው መረብ የሆነ ገመድ) ነው፤ ድርብ መረብና ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው አርጂ-400 በዚህ የተመሰገነ ነው። ለዲሽ የሚዘረጋው ገመድ 75 ኦም ስለሆነ፣ መልኩ ቢመሳሰልም አይተካውም። ማይክሮፎንና ሄድሴት ሺልድ ይፈልጋሉ። በመሣሪያዎች መካከል መረጃ የሚያመላልሱት እንደ ካን ባስና ኤሪንክ 429 ያሉ መስመሮች በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ላይ ተቃራኒ ምልክት ስለሚልኩ ከረብሻው አብዛኛውን መጠምዘዙ ያስቀርላቸዋል፤ አምራቹ ሺልድም ካዘዘ ይደረጋል። በካን ባስ ላይ በሁለቱ የመስመሩ ጫፎች ብቻ መግባት ያለበት 120 ኦም ሬዚስተር ከተረሳ ግን ሺልዱ የትም አያደርስም። የጥንቱ ዓይነት፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለም ከኃይል ሳጥኑ እስከ መብራቱ ያለው መስመር ሺልድ ይልበስ።

የቀረው፣ ማለትም ወደ ማረፊያ መብራት፣ ወደ ነዳጅ ፓምፕና ወደ ፍላፕ (በክንፉ ኋላ ያለው ታጣፊ ክፍል) ሞተር የሚሄደው የኃይል ሽቦ፣ እንዲሁም ተራ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ፣ ያለ ሺልድ ቢሠራ ምንም አይጎድልበትም። የኤልኢዲ መብራቶች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ባለው የኃይል መቀየሪያ ምክንያት ሬዲዮን ይረብሻሉ፤ እነሱን ከአንቴናው ማራቅና ሽቦአቸውን መጠምዘዝ ይሻላል። እግረ መንገዴን ልናገር፤ ከመንገድ ዳር በርካሽ የሚገዛው ባለ 12 ቮልት የስልክ ቻርጀር ከሁሉም የባሰ ረባሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ እሱን ነቅሎ ማውጣት ብቻ ሬዲዮውን ጸጥ ሊያሰኘው ይችላል።

በሙያው ውስጥ ብዙ የሚያከራክረው ሺልዱ በአንድ ጫፍ ይታሰር ወይስ በሁለቱም የሚለው ነው። ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። በድምፅ መስመር ላይ ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ ከቦዲ ጋር ከታሰረ፣ ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ ሌላ መንገድ ይሆንና የሌላውን ዕቃ መመለሻ ጅረት መሸከም ይጀምራል፤ ፉጨት እንዲከላከል የገባው ሺልድ ራሱ ፉጨት ያመጣል። ስለዚህ የማይክሮፎኑና የሄድሴቱ ሺልድ በኢንተርኮሙ በኩል ብቻ ይታሰራል። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ ሺልድ ርዝመቱ ወደ ሩብ ሞገድ ሲጠጋ ሞገዱን ከመከልከል ይልቅ ይቀበላል። የኤሪንክ 429 ሺልድ በሁለቱም ጫፍ የሚታሰረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመሣሪያው ሶኬት ጋር የሚያገናኘው የሺልዱ ጭራም እጅግ አጭር መሆን አለበት፤ የረዘመ ጭራ የሺልዱን ሥራ ያበላሸዋል። ዳኛው የመሣሪያው አምራች የተከላ መመሪያ ነው። መመሪያው ለዚህ መስመር ሺልድ አድርግ፣ በዚህ ጫፍ እሰር ካለ እንደዚያው ይደረጋል፤ ዝም ካለ ደግሞ አምራቹ መሣሪያውን ያለ ሺልድ ፈትኖት ሊሆን ስለሚችል በራስ ግምት መጨመር አያስፈልግም። ለእከሌ እንዲህ አድርጎ ሠርቶለታል የሚለው ምክር የመጨረሻው አማራጭ እንኳ ባይሆን እመርጣለሁ።

ጽሑፋችሁ አውሮፕላኗ ከእንጨትና ከጨርቅ እንደምትሠራ ይገልጻል። ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል። በአሉሚኒየም አካል ላይ ቆዳው ራሱ መመለሻም የአንቴና መደገፊያም ይሆናል፤ እንጨትና ጨርቅ ግን ከሁለቱም አንዱን አይሰጡም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መመለሻ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከአንቴናው ሥር የብረት ሉህ ወይም መረብ ይደረጋል፣ ሽቦዎቹም ከአንቴናው በተቻለ መጠን ይርቃሉ። በእንዲህ ያለ አውሮፕላን ሺልድን እንደ መብራት መመለሻ መጠቀም የሚቀናቸው አሉ፤ ከማግኔቶው መስመር በቀር አልደግፈውም፤ ረብሻ የሚከለክለው አካል የዘወትር ጅረት ሲሸከም መከለያነቱ ይቀራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ስለሚደረገው ፍተሻ አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮው በባትሪ እየሠራ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቶ ዲናሞውን ማጥፋትና ማብራት ረባሹን ለይቶ ያሳያል፤ ይህን በግቢያቸው ውስጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። የማሰራጨቱ ፍተሻ ግን በመሀል ከተማ፣ ለቦሌ ይህን ያህል ቀርቦ፣ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሞከር አይደለም። ፈቃዱ ሲገኝ በ121.175 እና በ131.275 ሜጋኸርዝ ላይ እያሰራጩ ጂፒኤሱን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው በ13፣ ሁለተኛው በ12 ሲባዛ የጂፒኤስ ሞገድ ካለበት 1575.42 ሜጋኸርዝ እጅግ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ጂፒኤሱ ቦታውን ቢስት ጥፋቱ የአንቴናዎቹ መቀራረብ ወይም የማጣሪያ እጥረት ነው፤ በሺልድ የሚታከም አይደለም።

ወጣቶቹን ለማሳነስ ይህን ሁሉ እንዳልጻፍኩ አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ በውጭ ምንዛሪ እጥረት መካከል አውሮፕላን የሚገነባ ሰው አክብሮት ይገባዋል፤ ለዚያ ሁሉ ሺልድ የወጣው ገንዘብ ጥቂት ሜትር አርጂ-400 እና ለሁሉም መስመር የሚበቃ ቴፍዜል ሊገዛ ይችል እንደነበር ስለማስብ ነው የሚቆጨኝ። ጋዜጣችሁ ወደ ግቢው ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ነገር እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ። አንደኛው የሽቦው ሥዕል ነው፤ በእያንዳንዱ ሺልድ የለበሰ መስመር ጎን ከየትኛው ጫፍ እንደታሰረ የተጻፈበት መሆኑ ይታይ። ሁለተኛው የልባሱ ዓይነት ነው፤ በሽቦው ላይ መለያ ቁጥር ታትሞ ካልተገኘና ፒቪሲ ሆኖ ከተገኘ፣ አካሏና ክንፏ ጨርቅ ከመልበሳቸው በፊት ይነቀል፤ ጨርቁ ተወጥሮ ከተቀባ በኋላ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመቀየር መቅደድ ግድ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የአቪዮኒክስ ቴክኒሻን
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ